ጨው ቀማሿ

«እማ፣ ያን ቀን ዓይኔን ስገልጥ ለምን ወደ ኋላ ሸሸሽ?»

ሳጂዳ ይህን የጠየቀችው እሑድ ጠዋት፣ እናቷ ሲቲ የበሩን ቁልፍ ይዛ ለመውጣት ስትሰናዳ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ታክሲው መቼ ይመጣል ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ዝም ብላ ነው የጠየቀችው። ሲቲ ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። ፈርቼ ነው እንዳትል፣ የእናት አፍ ይህን እንዴት አድርጎ ያወጣዋል? አልሸሸሁም እንዳትል ደግሞ፣ ባልዲ አደናቅፏት መውደቋን፣ ክርኗ ላይ ጠባሳው እስካሁን መኖሩን ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ፣ የሚላጠው ሽንኩርት ብዙ ነው ብለው አስቸኩለውኛል፣ ቁርስሽ ተከድኗል፣ መርፌሽን እንዳትረሺ፣ አለችና ወጣች። ከዚያ በሩን ከውጭ ቆለፈችው። ቁልፉ ሲዞር ድምፅ እንዳያሰማ በሩን በትከሻዋ ደገፍ አድርጋው ነበር፤ ግን አሰማ።

ቆልፊባት ያለቻት ታናሽ እህቷ ሰልዋ ናት። ዐርብ ከሰዓት ከማዶ ብሎክ መጥታ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሳታስደግፍ ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት፤ ብርጭቆውን አንስታ ውስጡን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ሲቲ አይታ እንዳላየች ሆነች። ሰልዋ ስለ ድንኳኑ አወራች፣ ስለ በሬው ዋጋ አወራች፤ ዘንድሮ በሬ ከመግዛት ባጃጅ ገዝቶ ማረድ ይሻላል ብላ ብቻዋን ሳቀች። እሑድ የልጇ የሩመይሳ ሰርግ ነው። የሙሽራው የኢምራን ቤተሰቦች ሾላ ገበያ የታወቀ የቅመም መደብር ያላቸው ደህና ሰዎች ናቸው። ሳጂዳን በመልክ አያውቋትም፤ ወሬዋ ግን ደርሷቸዋል። ሰልዋ እዚህ ላይ ስትደርስ የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች። ሻዩ መሀላቸው ቀዘቀዘ። «እታለም፣ አንቺ ነይ» አለች ሰልዋ በመጨረሻ። «አንቺ ከሌለሽማ ምን ሰርግ ነው? ልጅቷን ግን ለአንድ ቀን ቆልፊባት። ለሩመይሳ ብለሽ።» ሲቲ ይህችን እህቷን ከወሎ አዝላ አምጥታ፣ እንደ ልጅ አሳድጋታለች፤ እምቢ ማለት አላወቀችበትም። እሺ አለች። የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይዝም፤ ሳጂዳ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ፣ ማታ ራቷን በልታ ተኛች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሳጂዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሲቲ ልትቀሰቅሳት ገብታ ብትነካት በረዶ ሆናለች። ብትጠራት አትሰማም። አፍንጫዋ ሥር መስታወት ቢይዙ አልደበዘዘም አሉ። ለቅሶው ቀለጠ፣ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ጎረምሶቹ ቀብር ሊቆፍሩ ሄዱ። ሴቶቹ ሳጂዳን ሳንቃ ላይ አጋድመው ማጠብ ጀመሩ። የሚያጥቧት፣ በሰፈሩ የሞተችን ሴት ሁሉ የሚያጥቡት ሐጂያ መዲና ነበሩ፤ ሲቲ ውሃ ታቀብላቸዋለች። ሦስተኛው ውሃ ሲፈስባት ሳጂዳ ዓይኗን ገለጠችና «ቀዘቀዘኝ» አለች። ቤቱ ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ሐጂያ መዲና ብቻ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ ለከፈን የተዘጋጀውን ነጭ ጨርቅ ደራርበው አለበሷትና፣ ቆይ ልጄ፣ ሻይ ይፈላልሻል አሏት። ሐኪም በኋላ እንዳለው ስኳሯ በጣም ወርዶ፣ ልቧም ትንፋሿም ደክሞ ነው፤ ራሷን ሳተች እንጂ አልሞተችም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሰው አልሐምዱሊላህ ብሎ ይረሳው ነበር።

ግን ቀብሩ ተቆፍሯል። የተቆፈረ ቀብር ባዶውን አይደፈንም አሉ ሽማግሌዎቹ። አንዱ ድንጋይ ይቀበርበት አለ፣ ሌላው የሙዝ ግንድ ነው ደንቡ አለ፤ ሲከራከሩ ሳንቃ ጣል አድርገውበት ሰነበቱ። ሳምንት ሳይሞላ የሰልዋ ባል ካሊድ፣ ሚኒባሱን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ አለችና መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። የእድሩ ዳኛ ሼህ አብዱራሕማን በቅን ልቦና፣ ቀብሩ ዝግጁ ነው፣ ልጆቹን ለምን እናደክማለን አሉ። ካሊድ ለሳጂዳ በተቆፈረው ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ወሬው አንድ ነው። ሳጂዳ ጉድጓዷን ለአክስቷ ባል አስረክባ መጣች ተባለ። እጇ የነካውን ሰው መብላት ተወ። ትልልቆቹ ሴቶች ጀናዛዋ ይሏታል፤ ሬሳዋ ማለታቸው ነው። ወጣቶቹ ከፊልም የለመዱትን ስም አወጡላት፤ ደረጃ ላይ ሲያገኟት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ዞምቢ! ዞምቢ መጣች» ይሉና በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳጂዳ አትመልስም። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያ ይህን ወሬ የሚያውቅ የለም። ማለዳ ታክሲ ተሳፍራ ሰው ለመሆን ትሄዳለች፣ ማታ ጀናዛ ለመሆን ትመለሳለች። ሲቲ ከአላህ የምትለምነው ሌላ አልነበረም፤ ልጇ እዚሁ ሰፈር፣ በሰው መሀል ተቀምጣ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው እንድትበላ ነበር።

ሲቲ ኮሙናሉ ጋ ስትደርስ ግቢው ጭስ ብቻ ሆኗል። ኮሙናል የሚሉት የብሎኮቹ ነዋሪዎች ለሰርግም ለለቅሶም ተራ ይዘው የሚያበስሉበት አዳራሽ ነው። በአንድ በኩል የሙስሊሞቹ ጎላ ድስቶች ተደርድረዋል። ከግድግዳው ወዲያ፣ ራቅ ብሎ፣ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻው የታረደው በግ ይበሰላል፤ እሱን የያዘችው የሲቲ የፎቅ ጎረቤት ኣብርሀት ናት። ኣብርሀት የትግራይ ሰው ናት፤ ብሎኩ ሥር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ የሳጂዳን ወሬ ስትሰማ፣ እኛም አገር ስለኛ ስንት ተብሏል ብላ ያለፈች ሴት ናት። ሲቲ ቢላዋ ተቀብላ ሽንኩርቱን ያዘች። ሴቶቹ ደህና አደርሽ አሏት፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ሙሽራዋ ቬሎ አወሩላት። ስለ ሳጂዳ ማንም አልጠየቃትም። ሲቲ ቀና ስትል፣ ለሰርጉ ያዋሰቻቸው ትሪዎችና ሳህኖች ጥግ ላይ ለብቻቸው ተቆልለው፣ በቀይ ክር ታስረው አየች። እንዳይደባለቁ ነው አለች ለራሷ። ስታስረክብ እንዳይጠፉባት ለእሷ ብለው ነው አለች። ሰው ልቡ እየነገረው ራሱን ሲዋሽ እንዲህ ነው።

ውሃ ሲያልቅ ባልዲ ይዛ ወደ ሮቶው ወጣች። ሮቶው ያለው ከኮሙናሉ ጀርባ፣ መስታወት በሌለው መስኮት ሥር ነው። ውሃው ቀጭን ነው፤ ባልዲው እስኪሞላ ጎንበስ ብላ ስትጠብቅ የውስጡ ወሬ ይሰማታል። እሷ ስትወጣ ወሬው መልኩን ቀይሯል። ፎዚያ የምትባለው የሰልዋ የበር ጎረቤት ነበረች የምትናገረው።

«ቆልፋባታለች አሉ» አለች ፎዚያ። «እኔን ግን ያልገባኝ፣ መቃብር ያልያዛትን የኮንዶሚኒየም በር ይይዛታል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲቲ ከሳቁ መሀል አንዱን ለየችው። ጫፉ ላይ እንደ ሕፃን ሲቃ የምትል፣ ወሎ እያሉ ጀርባዋ ላይ ሆና የምትስቀው የሰልዋ ሳቅ ናት። ሲቲ አልተንቀሳቀሰችም። ይህንንም ብትችለው ትችለው ነበር፤ ሴት ሲሰበሰብ ይቀልዳል። ከቀልዱ በኋላ ግን አንዷ ወጡን ቀምሳ፣ ውይ ጨዉ አለች። ሌላዋም ቀመሰች። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ጨው ጨምሮበት ኖሯል። አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ተባባሉ። በመጨረሻ አንዲት እርጋታ ያላት ሴት፣ ሳትቀልድ፣ ከልቧ አዝና እንዲህ አለች።

«አላህ ይርሐማትና፣ እንደ ሳጂዳ ጨው የሚያውቅ አልነበረም።»

ማንም አላረማትም። አላህ ይርሐማት የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። ከሴቶቹ አንዷ እንኳ ምን ነካሽ፣ ልጅቷ አለች እኮ አላለችም። አንድ ሁለቱ «አሚን» አሉ። እውነቷን ነበር፤ ሳጂዳ ያ ነገር ሳይደርስባት በፊት የእድሩ ጨው ቀማሽ እሷ ነበረች። ለለቅሶም ለሰርግም፣ ድስቱ ከመውረዱ በፊት እሷ ትጠራለች፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ልሳ በቃ ካለች በቃ ነው። አሁን በአዳራሽ ሙሉ ሴት መሀል፣ ቁርሷን በልታ ቤቷ የተቀመጠችውን ልጅ በስሟ ጠርተው ምሕረት ለመኑላት። ባልዲው ሞልቶ የሲቲን እግር አራሰው። ሲቲ ውሃውን ሳትዘጋ ሄደች። የውስጧ ፍርሃት የት እንደገባ አታውቅም፤ ዓመት ሙሉ ደረቷ ውስጥ ሲርበተበት የነበረው ነገር ድንገት ዝም አለ፤ በቦታው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነገር ተቀመጠ። ትበሏታላችሁ፣ አለች ደረጃውን ስትወጣ። እጇን ትበላላችሁ።

በሩን ስትከፍት ሳጂዳ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። «ተነሺ ልበሺ» አለቻት ሲቲ። «ጨዉ ጠፋባቸው። ሰልዋ ጠርታሻለች።» ሳጂዳ አላመነችም። አክስቴ ራሷ ነች እንዴ ያለችው ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ራሷ ናት አለች ሲቲ። «ወላሂ በይ» አለቻት ሳጂዳ። ሲቲ ወላሂ አላለችም፤ ቶሎ በይ፣ ወጡ እንዳይወርድ አለቻት። ልጅቷ ተነሳች። ቁምሳጥኑን ከፍታ ለኢድ ተገዝቶላት ያልለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች፤ ሻርፕ መረጠች፤ መለሰች፤ ሌላ መረጠች። መስታወት ፊት ቆማ ኩል ተኳለች። ሲቲ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። እዚህ ላይ እውነቱን ብትናገር ነገሩ ሁሉ ይቀር ነበር። ግን ያ «አሚን» ጆሮዋ ውስጥ አለ። ሻርፑን ራሷ አስተካከለችላት፤ የልጇን ጉንጭ ሳመች፤ ይዛት ወረደች። ደረጃው ላይ ኣብርሀት ከቤቷ የጨው ጆንያ ይዛ ስትወጣ አገኘቻቸው። «ወይ የኔ ቆንጆ!» ብላ ሳጂዳን አገላብጣ ሳመቻትና፣ ዛሬ ሙሽራዋን ልታስንቂ ነው አለቻት። ሳጂዳ ሳቀች። ሲቲ ልጇ ስትስቅ ካየች ቆይታ ነበር።

ሳጂዳ ኮሙናሉ በር ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። ሰላምታው እንደ ድንጋይ ወደቀ። ፎዚያ የያዘችውን ማማሰያ ድስቱ ላይ እንዳለ ለቀቀችው። ሁለት ሴቶች በሻርፓቸው ውስጥ አጉረምርመው መለሱ። ሲቲ ጭልፋውን በእጇ አንስታ ለሳጂዳ ሰጠቻት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቅመሺላቸው ልጄ፣ አላህ ይርሐማትና ጨው የሚያውቅ ጠፍቷል አለች። ያን ቃል የተናገረችዋ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሳጂዳ ነገሩ ገና አልገባትም ነበር። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከመጀመሪያው ድስት ጨለፈች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ደህና ነው አለች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷን ጨፈገገች። ጨው በዝቷል፣ ድንች ላጡልኝ አለች። ማንም አልተነቃነቀም። ድንች ላጡልኝ አለች ደግማ። ያኔ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዷ ልጇን ከቀሚሷ ኋላ ሸሽጋለች። ሳጂዳ ወደ እናቷ ዞረች። ሲቲ ሴቶቹን ነበር የምታየው፤ አንድ በአንድ፣ በደንብ። ሳጂዳ ጭልፋውን ጥላ አልሄደችም፤ ጥግ ካለው ጆንያ ድንች አነሳች፣ ቁጢጥ ብላ ራሷ ላጠች፣ ራሷ ቆርጣ ድስቱ ውስጥ ከተተች፣ እሳቱን ቀነሰች። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም ቀምሳ አስተካከለች። ጨዉን መጥጦ ሲጨርስ ድንቹን አውጡት አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፤ እጇን ታጥባ በኋላ በር ወጣች።

ሰልዋ የተመለሰችው ያኔ ነው። ሙሽራዋን ልታስለብስ ሄዳ ቆይታ፣ ሒና የተቀባ እጇን ወደ ላይ ይዛ ገባች። ፎዚያ ጆሮዋ ሥር ሹክ አለቻት። ሰልዋ አራቱን ድስት አየች፣ ከዚያ እህቷን አየች።

«እታለም፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም» አለች ሲቲ። «ጨው ነው።»

ውጪ የመኪና ጡሩምባ ይሰማ ጀመር፤ የሙሽራው አጃቢዎች ከሾላ እየገቡ ነው። ሰልዋ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ድስቶቹ አየች። ሲቲ፣ እህቷ ስትጮህ፣ ወጡን ስታስደፋ፣ ደረቷን ስትደቃ ለማየት ትጠብቃለች። ሰልዋ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሴቶቹን ሁሉ ሰበሰበች፤ ማንም እንዳያወራ፣ ያወራች ደጄን እንዳትረግጥ፣ አሁኑኑ ይቅረብ አለች። ያን ጊዜ ሲቲ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ርኅራኄም አለቀች። ሰልዋ የሳጂዳ እጅ ሞት ያመጣል ብላ ብታምን ለገዛ ልጇ ሰርግ አታቀርበውም ነበር። አታምንም። ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲል እሷም ያለችው፣ ሻዩን መልሳ ያስቀመጠችው፣ ቆልፊባት ያለችው ሳታምን ነው። ባሏን በልብ ድካም ከማጣት በሰው ማጣት ይቀላት ኖሯል፤ የሚጠላ ሰው ይገኝበታላ። ሲቲ ሻርፗን አጥብቃ ወደ ድንኳኑ ሄደች።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ወዲያ፣ ሴቶቹ ወዲህ ተቀምጠው፣ መሀላቸው ቀጭን መጋረጃ ወርዷል። ትሪዎቹ መጡ። ሰዉ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ወጡ ደግሞ መቼም እንዲህ ያለ ወጥ በየካ አባዶ አልተበላም፤ ቅባቱ ልክ፣ ጨዉ ልክ፣ ሰው ጣቱን እየላሰ ነበር። ወላሂ ሰፈራችሁ ባለሙያ አለበት አለ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ወንድ፤ ጓደኛው፣ አንተ ሚስትህ እንዳትሰማ፣ ማታ ሽሮ ነው የሚጠብቅህ አለው። ሲቲ አልበላችም። ሰልዋ ትሪ ለትሪ እየዞረች ብሉ እንጂ ትላለች፤ ሲቲ ዘንድ ስትደርስ ዓይኗን ታሸሻለች። በመጨረሻ የሙሽራው እናት፣ ወርቅ የሞላባቸው ትልቅ ሴት፣ ይህን ወጥ ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ሴት ለሌላኛው ልጃቸውም ትጠየቃለች ብለው ሳቁ። ሴቶቹ ተረዳድተው ነው አለች ሰልዋ ፈጠን ብላ። ሲቲ ቆመች። ቀስ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ሽማግሌ እንደሚያመሰግን ሰው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የቆመችው።

«ወጡን ያጣፈጠችው የኔ ልጅ ሳጂዳ ናት፣ እመቤቴ» አለች። ድምጿ መጋረጃውን ተሻገረ። «ጨዉ በዝቶ ሊጣል ነበር። እሷ ናት በእጇ ቀምሳ፣ በእጇ ድንች ልጣ ያዳነችው። ሳጂዳን ሰምታችኋታል መቼም። ያቺ ታጥባ የተነሳችው። ካሊድ በቀብሯ የገባላት። ብሉ፣ የኔ ልጅ እጅ ነው፣ ብሉ።»

እጆች በየትሪው ላይ ቀሩ። አንዲት ሴት የጎረሰችውን በሶፍት አወጣችና ሶፍቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የሙሽራው እናት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። ከወንዶቹ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ። ሲቲ ቆማ አየቻቸው። ጣፈጣት፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንዲህ የጣፈጣት ነገር የለም። ዓመት ሙሉ ልጇ የነካችውን ብርጭቆ በሁለት ጣት ይዘው ያነሱ ሰዎች አሁን የገዛ ሆዳቸውን በሁለት ጣት አንስተው የሚጥሉበት አጡ። ፎዚያ ትሪ ይዛ መሀል ላይ ደርቃ ቀርታለች። ሰልዋ አፏን በሻርፗ ሸፍናለች። ሲቲ የምታየው ፊት እንዳያመልጣት ዙሪያውን ቃኘች፤ ስትቃኝ ከኋላዋ፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ፣ ሐጂያ መዲና ከተቀመጡበት ትሪ ዘንድ አረንጓዴ ቀሚስ አየች።

ሐጂያ መዲና ናቸው ከውጪ አይተው፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ ብለው ያስገቧት። ሳጂዳ ትሪው ላይ ከቀረበች ቆይታለች። ከሙሽራው ዘመዶች አንዷ፣ ማንነቷን የማታውቅ ሳቂታ ሴት፣ ይቺ ቆንጆ ለምን አትበላም ብላ በእጇ ታጎርሳት ነበር። ሲቲ ስትናገር ሁለተኛው ጉርሻ ገና ሳጂዳ አፍ ውስጥ ነበር። አሁን ሴትዮዋ ጣቶቿን ከፍታ፣ የሌላ ሰው ጣት እንደሆነ ሁሉ፣ ታያቸዋለች። ሳጂዳ በዝግታ አላምጣ ዋጠች። ውሃ ጠጣች። ተነስታ በትሪዎቹ መሀል አልፋ እናቷ ፊት ስትደርስ፣ መንገዱ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

«እነሱስ ፈርተውኝ ነው» አለቻት። «አንቺ ግን በእኔ አስፈራራሽ።»

ሲቲ፣ ለአንቺ ብዬ ነው፣ አላህ ይርሐማት ሲሉሽ ሰምቼ ነው ማለት ጀመረች። ሳጂዳ እስኪያልቅ ቆማ ሰማቻት፤ ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ሲቲ ልትከተላት ስትል ሰው በሩ ላይ ታፈነ፤ እንግዶቹ መውጣት ጀምረው ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው ይላሉ፣ እሑድ ታክሲ ይጠፋል ይላሉ፣ ልጅ ቤት ጥለን መጥተን ነው ይላሉ። ሁሉም የሰልዋን እጅ ሳይነካ፣ ከሩቅ፣ ደረቱን ይዞ ተሰናበተ። የሙሽራው እናት ማንንም አልተሰናበቱም። ሲቲ በሰው መሀል ተጋፍታ ስትወጣ ሳጂዳ ከቤት ወርዳ ነበር፤ የመድኃኒቷን ቦርሳና አንድ ሻንጣ ይዛለች። ኣብርሀት ሻንጣውን እያገዘቻት፣ ኦሎምፒያ አብራት ከምትሠራው ልጅ ዘንድ ትሰንብት፣ እኔ አደርሳታለሁ፣ አንቺ አሁን አትምጪ አለቻት ሲቲን። ታክሲው ተራ ጠብቆ፣ ሞልቶ፣ ሄደ።

ኢምራን እናቱን መኪና ድረስ ሸኝቶ ተመለሰ፤ ሙሽራዋ አጠገብ ተቀምጦ ከትሪው በላ፣ ሩመይሳንም እያለቀሰች አጎረሳት። ሐጂያ መዲና እና ሼህ አብዱራሕማን እስኪጠግቡ በልተው፣ መርቀው፣ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ተነሡ። ማምሻውን ሙሽሮቹም ሄዱ። ወጡ በአራቱም ድስት እንደሞላ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው፤ ሲቲ በዚህ አግዳሚ ወንበር ጫፍ፣ ሰልዋ በዚያኛው። ሳጂዳ የካ አባዶ ተመልሳ አልኖረችም።